የከሰዓት በኋላው ክፍለ ጊዜ

የረውዳ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በመዳፏ ሸፈነችው። አሠልጣኙ ሳሊም ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ ራውተሮችን በክብ እየሣለ፣ አንዱ መስመር ሲበጠስ መልእክት በየት ዞሮ እንደሚደርስ እያስረዳ ነበር።

«ይኼኛው ሞተ እንበል» አለና አንዱን መስመር በጣቱ አጠፋው። «አሁን ጎንደር ያለው ኮምፒውተር አዲስ አበባ ያለውን በየት በኩል ያገኘዋል? ረውዳ?»

መልሱን ታውቀዋለች። አፏን ልትከፍት ስትል ስልኩ ከመዳፏ ሥር ዳግመኛ ተንቀጠቀጠ። የምትሠራበት የግል ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ዳኛው ነው።

«ይቅርታ፣ መሥሪያ ቤት ነው» ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«የት ነው ያለሽው?» አለ ዳኛው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት። «ሲስተሙ በሙሉ ሞቷል። ካርድ ክፍል የለም፣ ላብራቶሪ የለም፣ ፋርማሲ የለም። አንድ ሕፃን ውጤት ሲጠብቅ ኮሪደር ላይ አንቀጠቀጠው። ሰው እየጮኸብን ነው።»

«ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብርታችሁታል?»

«አያ አወቀ ያልሞከሩት ነገር የለም። ነይ በቃ!»

ተመልሳ ላፕቶፕዋን ስትዘጋ ሳሊም ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕጉን ታውቂዋለሽ» አላት። «ሌላ ቦታ ወራት የሚፈጀውን እኛ በጥቂት ሳምንት ነው የምንጨርሰው። ሁለት ክፍለ ጊዜ የቀረ ሰው የፈተና መግቢያው ይሰረዛል። እኔ ያወጣሁት ቢሆን ኖሮ ተይው እልሽ ነበር።»

«የቀረሁት የለም። ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንግዲያው ከሰዓት እንዳትቀሪ።»

ይህን የመሰለ ከፍተኛ የኔትወርክ ሥልጠና ጎንደር ውስጥ ሲሰጥ ረውዳ አይታ አታውቅም። የፈለገ ሰው አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሰሞን ሲከፈት ሌላ ሰሞን ይዘጋል። ሳሊም ራውተሮቹንና ስዊቾቹን በአውሮፕላን ጭኖ መጥቶ ፒያሳ ካለ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ አንድ ክፍል ተከራየ። ባንኮቹና ኮሌጆቹ ሠራተኞቻቸውን ላኩ። ሆስፒታሉ የከፈለው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። በኔትወርክ ክፍሉ ያሉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ረውዳና አያ አወቀ።

አያ አወቀ የጃናሞራ ሰው ናቸው። ሆስፒታሉ ሲከፈት ኬብሉን ሁሉ በየኮርኒሱ ሥር በጉልበታቸው እየዳኹ የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ረውዳ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ስትቀጠር ንድፈ ሐሳቡን ሁሉ ታውቀው ነበር፤ የኬብል ጫፍ ማሰር ግን አትችልም። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ተራ እንዴት እንደምትደረድር፣ እንዴት እንደምትቆርጥና እንደምትጨብጥ ያሳዩአት እሳቸው ነበሩ። ለሥልጠናው እሷ መመረጧን ዳኛው ሲነግራቸው፣ «ሸጋ ነው። እሷ ትማርና ለኔ ትነግረኛለች» አሉ። ረውዳ የዚያን ቀን ፊታቸውን ማየት አልቻለችም።

ባጃጁ ከፒያሳ ሲወርድ ችግሩ ምን ሊሆን እንደሚችል በልቧ ታወጣ ታወርድ ነበር። መብራት ይሆናል። ሰርቨሩ ተቃጥሎ ይሆናል። ሁለተኛውን ላለማሰብ ሞከረች።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ሞልቶታል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጣ እጇን ታወዛውዛለች። ከድንገተኛ ክፍሉ በር አጠገብ አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የባዶ ማዘያዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። ሴትየዋ ረውዳን ላፕቶፕ ይዛ ስትሮጥ ስታያት ሐኪም መስላት ተነሣች።

«እህቴ፣ ከአይከል ነው የመጣሁት። ልጄ ደሙን ከሰጠ ቆየ። ውጤቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል ይሉኛል። ምነው ታዲያ አይወጣም?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እናቴ። ልጁ የት ነው?»

«ወደ ውስጥ አስገቡት። ቆመን ስንጠብቅ ዓይኑ ተገለበጠብኝ።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስሟ ሽታዬ እንደሆነና ሕፃኑ የመጨረሻ ልጇ እንደሆነ ረውዳ የሰማችው በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አልፋት ሄደች።

የመሣሪያ ክፍሉን በር ስትከፍት ኬብሎቹን የሚያገናኙት የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት፣ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። ጤነኛ ኔትወርክ እንዲህ አይልም። ሳሊም ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ሆን ብሎ ያሳያቸው ይኸው ነበር፤ አንድ መልእክት መውጫ አጥቶ በክብ ሲዞር፣ ሲባዛ፣ መስመሩን ሁሉ ሲያንቀው።

ከየፎቁ የሚመጡትን ዋና ኬብሎች ተራ በተራ እየነቀለችና መልሳ እየሰካች መብራቶቹን ተመለከተች። የአንደኛ ፎቁን ስትነቅል ሁሉም ጸጥ አለ። መልሳ ሰክታው ወደ ላይ ሮጠች። ላብራቶሪው ውስጥ፣ አዲስ ቦታ ከተቀመጠው ጠረጴዛ ጀርባ ተንበርክካ ስታይ ያንድ ኬብል ሁለቱም ጫፍ እዚያው አንድ ስዊች ላይ ተሰክቷል። አንዱን ጫፍ ነቀለችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ረውዳ ግን ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። እንዲህ ያለ ስሕተት ከዚህ በፊትም ደርሶ ያውቃል፤ ጽዳት ሠራተኞች እንኳ ወድቆ ያገኙትን ኬብል በተገኘው ቀዳዳ ይሰኩታል። ስዊቹ ራሱ መስመሩ ክብ መሥራቱን አይቶ ያን ቀዳዳ ይዘጋውና ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ዛሬ ምነው አልዘጋውም?

ላፕቶፕዋን አገናኝታ ከፈተች። መከላከያው ጠፍቷል። ያጠፋችው ራሷ ናት።

እሑድ ዕለት፣ ሆስፒታሉ ጭር ሲል፣ የተማረችውን ልትሞክር መጥታ ነበር። የላብራቶሪ ሠራተኞች ኮምፒውተራቸው ሲከፈት መስመር ለመያዝ ይዘገያል እያሉ ሁልጊዜ ይነጫነጩባታል። የሚያዘገየው ያ መከላከያ ነው፤ መስመር ከመክፈቱ በፊት ቆም ብሎ ያጣራል። ልታጠፋውና በምትኩ የተሻለውን፣ አዲስ የተማረችውን ልታስገባ አሰበች። ማጥፋቱን አጠፋች። ከዚያ እናቷ ደውላ እንግዳ መጥቷል፣ ቶሎ ነይ አለቻት። ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ሄደች፤ በነጋታው ሥልጠናው፣ የቤት ሥራው፣ ንባቡ ሲደራረብ ረሳችው። ለማንም አልተናገረችም። የሚሠራ መስመር ላይ ሙከራ እንደማይደረግ ደግሞ ሳሊም በመጀመሪያው ቀን ነግሯቸው ነበር።

«ምን ሆኖ ኖሯል?»

አያ አወቀ በሩ ላይ ቆመዋል። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ረውዳ የተነቀለውን ኬብል ብድግ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ሁለቱም ጫፍ እዚሁ ነው የተሰካው።»

ጠጋ ብለው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተመለከቱት። ከዚያ መነጽሩን አውርደው እንደገና ተመለከቱት።

«እኔ ነኝ የሰካሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ጥዋት ጠረጴዛውን ስናዞር ወድቆ አገኘሁት። የማተሚያው ነው ብዬ… አላየሁትማ። ዓይኔ እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ያ ልጅ በኔ ነው እንዲያ የሆነው!»

ረውዳ የላፕቶፑን ስክሪን ወደ ራሷ አዞረችው። መከላከያውን መልሳ አበራችው። ልትናገር ነበር። «አያ አወቀ…» ብላ ጀመረች፤ የዳኛው ጫማ ደረጃው ላይ ሲያስተጋባ ሰምታ ላፕቶፑን ከደነች።

«ተነሣ! ሲስተሙ ተነሣ!» አለ ዳኛው በሩ ላይ ሆኖ። «ምን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ አቶ ዳኛው» አሉ አያ አወቀ። ኬብሉን ከረውዳ እጅ ወስደው ዘረጉለት። «አበላሽቼ ሰክቼው ነው።»

ዳኛው ኬብሉን አልተቀበለም። ወጣት ሰው ነው፤ ሽማግሌ ላይ መቆጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ያለ ቁጣ ተናገረ፣ እሱም የባሰ ነበር።

«ዶክተር ታየች ከሰዓት ይመጣሉ» አለ የሆስፒታሉን ባለቤት ጠቅሶ። «ስለ ሕፃኑ ሰምተው ያጠፋው ሰው ነገ እዚህ ግቢ እንዳይታይ ብለዋል። እኔ ምን ላድርግ፣ አያ አወቀ? ይጠብቋቸው። ረውዳ፣ አንቺ ወደ ክፍልሽ ተመለሽ። እንደ አንቺ ያለ ሰው ባይኖረን ዛሬ አልቆልን ነበር።»

ረውዳ ላፕቶፕዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከሆስፒታሉ ወጣች።

ፒያሳ ስትደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። አባቷን ዐብዱልከሪምን፣ ከአባታቸው በወረሱት የጨርቅ ሱቅ ውስጥ፣ የዙሁርን ሶላት ሰግደው ሰጋጃቸውን እያጠፉ አገኘቻቸው። ፊቷን አይተው ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ሳቡላት። ምሳው ሳይነካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ የጨርቅ መለኪያውን ብረት ከወዲያ ወዲህ እያገላበጡ ቆዩ።

«ሕፃኑስ?»

«አላውቅም። ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አሉ ዐብዱልከሪም። ረውዳ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንደሱ አትመልከቺኝ። እኔ አባትሽ ነኝ። ሰውዬው ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጡረታቸው ደርሷል። አንቺ ገና መጀመርሽ ነው። ይህ ነገር ስምሽ ላይ ከተለጠፈ በዚህ ከተማ ማን ይቀጥርሻል? ሴት ልጅ ሽቦ ሥራ ምን ያደርግላታል ሲሉኝ አፋቸውን ያስያዝኳቸው ዘመዶችሽ ምን ይላሉ?»

«አያ አወቀ እኮ እጃቸው ያጠፋ መስሏቸዋል፣ አባዬ። ልጁን እኔ ነኝ እንዲያ ያደረግኩት ብለው ነው የሚያምኑት።»

«ኬብሉን የሰኩት እሳቸው አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ውሸት አልተነገረም።»

አባቷ እንጀራውን ወደሷ ገፋ አደረጉላት። ሕይወታቸውን ሙሉ በሚዛንና በሜትር ሰውን አጭበርብረው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለሷ ሲሉ አሁን ይህን ማለታቸው ከሁሉ ይበልጥ አስፈራት። አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ውኃ ጠጥታ ተነሣች።

የሥልጠናው ሕንፃ ከሱቁ እምብዛም አይርቅም። ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን መሣሪያ ማገናኘት ጀምረዋል፤ የከሰዓቱ ትምህርት ፈተናው ላይ የሚበዛው ክፍል ነው። ወንበሯ ባዶ ነው፣ ማስታወሻዋ ጥዋት እንደተወችው ተገልጦ ተቀምጧል። ሳሊም ሲያያት ፈገግ አለ።

«ተነሣላችሁ?»

«ተነሣ።»

«ምን ነበር?»

«ክብ የሠራ ኬብል።»

«ስዊቹ አልዘጋውም?» አለ ሳሊም ወዲያው። «መከላከያውን ማን አጠፋው?»

ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር ነበር የጠየቀው፤ መልሷንም ሳይጠብቅ ፕሮጀክተሩን ወደማስተካከል ዞሯል። ረውዳ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ነገ ዶክተር ታየች ሌላ ባለሙያ ጠርተው ቢያስመረምሩ ሊያገኘው ይችል እንደሆን አሰበች፤ ከዚያ እንደማያገኘው ታወሳት፤ መልሳ አብርታዋለች። ማንም አያገኘውም። ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ይህን ስታውቅ ይቀላል ብላ ነበር፤ ይልቁንም ከበደ።

«ሳሊም፣ አንድ ጊዜ ሆስፒታል ደርሼ መምጣት አለብኝ።»

«አሁን?» ዞረ። «ረውዳ፣ ምን ነካሽ?»

«መናገር ያለብኝ ነገር አለ።»

ሰዓቱን አየ፣ ተማሪዎቹን አየ። «እስከ ሻይ ዕረፍት ከተመለሽ የተገኘሽ አድርጌ እይዝልሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን አልችልም። ሁለተኛ ዕድል መቼ እንደሚመጣ ደግሞ እኔም አላውቅም።»

አያ አወቀን ያገኘቻቸው ከዶክተር ታየች ቢሮ ፊት ለፊት፣ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ኮታቸውን ለብሰዋል። የመሣሪያ ቦርሳቸውን አጠገባቸው አኑረዋል፤ ሽቦ መቁረጫው፣ መጨበጫው፣ መፈተሻው ሁሉ ተጠርጎ ገብቷል። እንደሚሰናበት ሰው ነበር የተቀመጡት።

«ምነው ተመለስሽ? ትምህርቱስ?»

«ልጁ እንዴት ሆነ?»

«ተመስገን፣ ነቅቷል። ወባ ነው አሉ። መድኃኒቱን ጀምረውለታል፣ እናቱንም አውቋታል። ግን ሐኪሙ እስከ ነገ ይታይ ብሏል።» ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «እኔ ወደ ሀገሬ፣ ወደ መካነ ብርሃን ብገባ ይሻለኛል፣ ልጄ። ወንድሜ አለ፣ መሬትም አለች። ዓይን ከደከመ ሥራ መተው ነው። ሰው ከገደልኩ በኋላ ከምተው…»

«አያ አወቀ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ቆማ ነገረቻቸው። እሑድ መምጣቷን፣ ምን እንዳጠፋች፣ ለምን እንዳጠፋችው፣ መርሳቷን። ስዊቹ በደኅናው ቢሆን ኖሮ የተሰካው ኬብል ማንንም እንደማይነካ ነገረቻቸው። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ሰበር አድርገው የራሳቸውን እጅ ይመለከቱ ነበር።

«ጥዋት፣ ላብራቶሪው ውስጥ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያንን ኬብል እኔ ነኝ የሰካሁት ስልሽ፣ ይህን ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«አቶ ዳኛው ሲመጣስ?»

«አዎ።»

«ትተሽኝም ስትሄጂ?»

ረውዳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እንባዋ መጣ፤ እንዲያዩት ስላልፈለገች ፊቷን አዞረች።

«ከጥዋት ጀምሮ ይህን እጄን ስረግመው ነው የዋልኩት» አሉ አያ አወቀ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ለልጄ ለሕሊና እንኳ ደውዬ፣ አባትሽ ከእንግዲህ ሥራ አይችልም ብያታለሁ። አለቀሰች። እኔ አንቺን ሳስተምርሽ አንድ ቀን ደብቄሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ሂጂ። ለአቶ ዳኛው ንገሪው። ለኔ ምን ያደርግልኛል።»

ዳኛው ቢሮው ውስጥ ስልክ ሲያወራ አገኘችው። እስኪጨርስ ጠበቀችና ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው። ፊቱ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ተናደደ፣ ከዚያ ጭራሽ ባዶ ሆነ። ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ይህን ነገር እኔ አልሰማሁም» አላት።

«አቶ ዳኛው…»

«ስሚኝ። ዶክተር አንድ ሰው ካልተባረረ አይለቁኝም። አያ አወቀን ባሰናብት ኬብል የሚዘረጋ ሰው አላጣም። አንቺን ባሰናብት ግን ይህን ሲስተም ማን ይይዘዋል? ሥልጠናው ለሷ ይሁን ብዬ የተከራከርኩትስ እኔ አይደለሁም? አንቺ ስትወድቂ እኔም አብሬሽ ነው የምወድቀው። እሳቸው እንደሆነ ራሳቸው አምነዋል።»

«ያመኑት ስላላወቁ ነው። አሁን ነግሬያቸዋለሁ።»

ዳኛው ዓይኑን ጨፈነ። «ምነው ሳታማክሪኝ!» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ለስለስ ብሎ፣ የሚለምን ይመስል ነበር። «ለሳቸው የሆነ ነገር እናደርጋለን። ጥሩ የምስክር ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። አንቺ አሁን ሂጂ። ማኪናው ውጭ ቆሟል፣ ሹፌሩ ያደርስሻል። ፈተናሽን እለፊ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ ሁሉም ይረሳል።»

ስትወጣ ሹፌሩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ይጠብቃታል። ዳኛው ሳይደውልለት አልቀረም። «ፒያሳ ነው አይደል? ቶሎ በይ፣ የሻይ ሰዓት ሳይደርስ ላግባሽ» አላት። ከውጭ የማኪናው የኋላ በር ተከፍቶ ይታያል። ከድንገተኛ ክፍሉ በኩል የሕፃን ልቅሶ መጣ፣ ከዚያም እናቱ ዝግ ባለ ድምፅ ስታባብለው። ሽታዬ መሆኗን ድምፁ ነገራት።

ረውዳ የማስታወሻዋ ገጽ ተገልጦ የቀረበትን ባዶ ወንበር አሰበች። የአባቷን ፊት አሰበች። ዶክተር ታየች ቁጣቸው የሚያስፈራ፣ አንድ ጊዜ ያሉትን የማያጥፉ ሴት ናቸው፤ ምን እንደሚሏት አታውቅም። አያ አወቀን ያስቀሯቸው ይሆን፣ ሁለቱንም ያባርሯቸው ይሆን፣ እሱንም አታውቅም።

«ይሂዱ፣ እኔ አልሄድም» አለችው ሹፌሩን።

«እ?»

«ዶክተርን እጠብቃለሁ።»

ሹፌሩ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። የማኪናው በር ተዘጋ። ረውዳ አግዳሚው ወንበር አጠገብ ሄዳ ቆመች። አያ አወቀ ፊታቸውን ወደ ቢሮው በር እንዳደረጉ ናቸው፤ መምጣቷን ሰምተዋል፣ ግን አላዩአትም።

«አያ አወቀ» አለች፣ «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»

ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ረውዳ በለቀቁላት ቦታ ተቀመጠች።